የቀረ ሰው የሚፈለግበት ጉባኤ



ስለ እምነት ዕድገት ለሚናገር ሰው ኮልፌ ቀራንዮ ጥሩ መነሻ ነው። ዘነበወርቅ ከሚባለው ሰፈር ብዙ ሳይርቁ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ አለርት ሆስፒታል፣ የአቡነ ገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንና አዲስ አበባ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ቆሻሻዋን የደፋችበት ቆሼ። ከተማዋ ማየት የማትፈልገውን ሰውም ዕቃም ወደዚህ ጠርዝ ስትገፋ ኖራለች። የተገፉት ግን እዚሁ ጎጆ ቀለሱ፣ ልጅ አሳደጉ፣ እድር መሠረቱ፣ ማኅበር ጠጡ። ወንጌል ሰውን እንዴት እንደሚያሳድግ ማወቅ የሚሻ፣ ባለ ብዙ ሺህ ወንበር አዳራሽ ከመግባቱ በፊት በዚህ ሰፈር ቢያልፍ አይከስርም።

የአለርት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። በኢትዮጵያ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽንን ሥራ ይመሩ የነበሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ፣ ያኔ ከከተማ ውጭ በነበረው በዚህ መሬት ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ አቋቋሙ። ሆስፒታሉ በለጋ ዕድሜያቸው ባረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ሲመሠረት ደግሞ ቦታው ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች ስለ በሽታው የሚሠለጥኑበት ማዕከል ሆነ።

ሕሙማኑ ከየክፍለ ሀገሩ፣ ብዙዎቹ በእግራቸው መጡ። ታክመው ከዳኑ በኋላ እንኳ ወደ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉት ጥቂት አልነበሩም። በሽታው በዘር የሚተላለፍ ስለሚመስላቸው ዘመዶች ይሸሻሉ፣ የታጨች እህት ትቀራለች፣ ርስት ይካፈላል። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፈሩ። አንዱ በጥልፍና በሽመና፣ ሌላው በልመና እየኖረ፣ ከጎጃምና ከወሎ፣ ከሸዋና ከአርሲ የመጣው ሰው በአንድ ጉልት እየሸመተ ጎረቤት ሆነ።

የገብረ ክርስቶስ ታቦት እዚህ መተከሉ ለሰፈሩ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ገብረ ክርስቶስ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ነበር። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራዋንና ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወጣ፤ በመጨረሻም በአባቱ ደጅ ማንም ሳያውቀው ቁስለኛና ለማኝ ሆኖ ኖረ። በዓሉ ጥቅምት 14 ነው። በሌላው አጥቢያ ይህ ታሪክ ስለ ምናኔ ይሰበካል። በዘነበወርቅ ግን አድማጩ ራሱን የሚያገኘው በደጁ ላይ በተኛው ሰው ውስጥ ነው፤ የገዛ አባቱ ያላወቀውን ሰው በደንብ ያውቀዋል።

ወንጌሉም እንደዚሁ በተለየ ጆሮ ይሰማል። ማርቆስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ለምጻሙ ኢየሱስ እግር ሥር ሲንበረከክ የሆነውን ይጽፋል። ለመፈወስ ቃል ብቻ በበቃ ነበር፤ ኢየሱስ ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ሲያነብ ዓይኑ ተአምሩ ላይ ያርፋል። ለዓመታት ሰው እጁን ጨብጦት የማያውቅ አንባቢ ግን መዳሰሱ ላይ ይቆማል። አንድን ምዕራፍ ከራሱ ጋር ከማይመሳሰል ሰው ጎን ተቀምጦ ያነበበ ሰው ብቻውን ሲያነብ ያላየውን ያያል፤ የቤተ ክርስቲያን ኅብረት የመጀመሪያ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ከዚሁ ሆስፒታል የተገኘ ሌላ ትምህርት አለ፤ ይህ እንኳ ከሕክምና እንጂ ከስብከት የመጣ አይደለም። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። ነርቩ የተጎዳ ሰው ምስማር ቢረግጥ፣ ጀበና ቢያቃጥለው አያመውም፤ ስለማያመውም ቁስሉ ሳይታወቀው ያመረቅዛል። ጣትና እግር የሚያሳጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያልታየ ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ገደማ በአለርት የሥጋ ደዌ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሥር ተጠቂዎች ራሳቸው የሚመሯቸው የእንክብካቤ ቡድኖች መቋቋም ጀመሩ። አባላቱ ተሰብስበው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፣ የደረቀውን ቆዳ ይፍቃሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፤ ከዚያም አንዱ የሌላውን መዳፍና ውስጥ እግር ያያል። ቁስሉ ቀነሰ። ከቁስሉ መቀነስ ሌላ ግን ሰዎቹ በራሳቸው መተማመን፣ በሰፈሩ ጉዳይ መግባት፣ ቀና ብለው መሄድ ጀመሩ።

ክርስቲያናዊ ኅብረትም ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው የገዛ ኩራቱ፣ ቂሙና ስስቱ አያመውም። የሚያየው ጎኑ የተቀመጠው ነው፤ ለማየት ደግሞ ቅርብ መቀመጥ፣ ለማሳየትም ጫማ ማውለቅ ያስፈልጋል። አሥር ሺህ ሕዝብ መሐል ጫማውን የሚያወልቅ የለም። የዚህ ዲስኩር ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ እምነት የሚያድገው ወንጌል በሚነበብበትና የቀረ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ በሚጠየቅበት፣ ቁጥሩ ትንሽ በሆነ ኅብረት ውስጥ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል መጽሐፉ በእጁ ነበር፤ ሠረገላውም፣ ሥልጣኑም፣ ኢየሩሳሌም ድረስ የሚያስጉዝ ናፍቆቱም አልጎደለም። የጎደለው ጎኑ ተቀምጦ የሚያስረዳው ሰው ነበር። ፊልጶስ እየሮጠ ደረሰ፣ ሠረገላው ላይ ወጣ፣ አብሮት ተቀመጠ፤ ጃንደረባውም ተጠመቀ። በዚያ መንገድ ላይ የነበረው ጉባኤ የሁለት ሰው ነው።

አሁን ትንሹ ኅብረት ወዳደገበት ወደ ወላይታ። ዶክተር ላምቢ የመሩት ሚሽን እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ደቡብ ወርዶ ሶዶ አጠገብ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። የጣልያን ወረራ ሲመጣ ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 አገሩን ለቀው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ በቋንቋቸው የታተመውም ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነበር። ወራሪው መሪዎቹን አሰረ፣ ገረፈ፣ የጸሎት ቤት አፈረሰ። ጦርነቱ አልፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማንያን ጠበቋቸው።

እንዴት ሆነ? ማንበብ የሚችለው ለማይችሉት ያነብ ነበር፤ የሰሙትም በቃላቸው ይዘው ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳሉ። የታሰረውን ቤተሰብ ያልታሰሩት ያበላሉ፤ ይህን ያየ ጎረቤት «እነዚህ ሰዎች ምን አግኝተው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዘመቻ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ትውልድ የወጡ ወንጌላውያን ናቸው በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የተባለውን ወደ ጎረቤት አውራጃዎች ያሰፉት።

ከ40 ዓመት ግድም በኋላ ተመሳሳይ ነገር በከተማ ተደገመ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከሜኖናውያን የእርዳታና የሕክምና ሥራ የበቀለች ናት፤ በናዝሬት ሆስፒታል፣ በደደር ትምህርት ቤት ነበራት። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ፤ አንዳንዶቹ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። በተዘጋችበት ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. በሯ ሲከፈት ቁጥሩ ከ34,000 በላይ ሆኖ ተገኘ።

በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የሆነው ነገር በብዙ የአዲስ አበባና የናዝሬት ቤቶች ሳሎን ውስጥ የሆነ ነው። ጥቂት ሰዎች፣ አንዱ ከሌላው ጊዜ አራርቆ፣ አንድ ቤት ይገባሉ። መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ አይያዝም። መዝሙር በሹክሹክታ ነው፤ ጸሎትም እንደዚሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ቀንና ሰዓት ከዚህኛው ይለያል። ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል፤ የቀበሌ ዓይን እንዳያርፍበት መብዛት አይቻልምና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዲስ ቡድን አዲስ መሪ ያስፈልጋል፤ ትናንት የተማረው ዛሬ ያስተምራል። ጥቃቅን የትምህርት ጽሑፎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ቤቱን የሚከፍቱት፣ እንግዳ የሚያስመስሉት፣ ቡድኑን የሚመሩት ብዙ ጊዜ ሴቶች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመዘጋቷ በፊት መድረክ ላይ ብዙም ቦታ ያልነበራቸው ሴቶች። በአደባባይ የሚሰበክበት አጋጣሚ ሠርግና ልቅሶ ነበር፤ ሠርግና ልቅሶን መከልከል ለደርግም አልተቻለውም።

ስደትን ማሞገስ ግን ተገቢ አይደለም። የታሰረው ሰው ልጆች ያለ አባት አደጉ፤ ከሥራ የተባረረው ዳግመኛ ያልተቀጠረ አለ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን ታፍነው ተገደሉ፤ በዚያው ክረምት ከመንበራቸው በግፍ ወርደው ታስረው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የቁጥር ዕድገትም ቢሆን የእምነት ዕድገት ነው ማለት አይደለም፤ ሕዝብ በብዙ ምክንያት ይበዛል። በመሠረተ ክርስቶስ ግን ቁጥሩን ያመጣው አሠራር ራሱ ይናገራል። አንድ ሰው አምስትና ስድስት ሰዎች ፊት ስሙን፣ ጥያቄውንና ጭንቀቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ተመልካች ሆኖ መቅረት አልቻለም።

በኦርቶዶክስ በኩልም በዚያው ዘመን የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ ዝዋይ ባለው ማሠልጠኛቸው ወጣቶችን ያስተምሩ ነበር፤ በክረምት ከዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ተማሪዎች እዚያ ተቀምጠው ይማራሉ። እሳቸው በ1982 ዓ.ም. አረፉ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ተማሪዎችን ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ላከ። ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ይጸልያል፤ በካምፑ ውስጥ ተማሪዎቹ ለጸሎትና ለትምህርት መሰባሰብ ጀመሩ። መንግሥት ተለውጦ ወደየግቢያቸው ሲበተኑ ልማዱን ይዘው ተመለሱ፤ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው «ግቢ ጉባኤ» የሚባለው፣ ከቤተሰቡ ርቆ የመጣ ተማሪ የሚማርበትና የሚያገለግልበት ስብስብ የዚያ ፍሬ ነው። ኦርቶዶክሱንና ወንጌላዊውን በትምህርተ ሃይማኖት ብዙ የሚያጨቃጭቃቸው አለ፤ ያንን እዚህ ለመዳኘት የሚሞክር ሞኝ ነው። አንድ ዘመን ሁለቱን ወደ አንድ ዓይነት ትንሽ ክብ እንደገፋቸው ግን መካድ አይቻልም።

ትንሹ ክብ በኮልፌ ቤቶች ውስጥ ከዚያም በፊት የነበረ ነው። የጽዋ ማኅበርን ብንወስድ፣ ሙሴው አለ፣ ጸሐፊው አለ፤ አባላቱ ብዙ ጊዜ በአሥራ ሁለቱ ወር ልክ ይደራጃሉ። ወሩ ሲደርስ ባለተራው ቤቱን ያሰናዳል፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው ተጋግሮ ይቆያል። ካህኑ ይጸልያል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ የቅዱሱ ገድል ወይም ተአምር ይነበባል። የተጣላ ካለ ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ይታረቃል። የቀረ ሰው ስሙ ይጠራል፤ ያለ ምክንያት ከቀረ ይቀጣል፣ ታሞ ከሆነ ሲወጡ በዚያው ይጠይቁታል። ጽዋው ተሸፍኖ ወደሚቀጥለው ባለተራ ቤት ይሄዳል። ሰንበቴውም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በየተራ እንጀራና ጠላ ይዞ መምጣት ነው፤ ከማዕዱ ነዳያን ይካፈላሉ። በወንጌላውያን ዘንድ የቤት ኅብረት ወይም ሴል የሚባለው ከዚህ የሚለየው በሥርዓቱ ነው፤ ሻይና ዳቦ፣ አንድ ምዕራፍ፣ የጸሎት ርእስ፣ ለታመመው መዋጮ።

እርግጥ ማኅበር ሁሉ አያሳድግም። ጽዋው ላይ ድግሱ ሲበረታ ንባቡ ያጥራል፤ አቅም ያነሰው አባል ተራው ሲደርስ ተበድሮ ይደግሳል ወይም ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። ሴሉም ወሬ ማጣሪያ ይሆናል፤ በጸሎት ርእስ ስም የሰው ገመና ይወጣል። ወንጌሉ ከመሐል ሲነሣ የሚቀረው ዕቁብ ነው፤ ዕቁብ መጥፎ ነገር ነው ማለት አይደለም፣ እምነት ግን አያሳድግም። ንባቡ ጠፍቶ ኅብረቱ ብቻ የቀረበት ማኅበር እንዳለ ሁሉ፣ ኅብረቱ ጠፍቶ ንባቡ ብቻ የቀረበት ምእመንም በዝቷል። ስልኩ ላይ በሳምንት አሥር ስብከት ይሰማል፤ ከአሥሩ ሰባኪዎች አንዱም ስሙን አያውቀውም። ኮንፈረንስ ይሄዳል፣ ጸበል ይሄዳል፣ በሰው ብዛት ይደሰታል፤ ሦስት ወር ቢጠፋ የሚደውልለት የለም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ያውቃል። ሲቆስል ግን ማን ያየዋል?

ቁስሉ ደግሞ የነፍስ ብቻ አይደለም። በቄስ ጉዲና ቱምሳ የዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 መካነ ኢየሱስ ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን ማወጅና ሰውን ማልማት ተለያይተው በጀት እንዳይቆረጥላቸው ተከራክራለች፤ ሰው አንድ ነው፣ ነፍሱን ለአንዱ ሥጋውን ለሌላው ማከፋፈል አይቻልም የሚል ነበር ክርክሩ። ለኮልፌ ቀራንዮ ይህ የመጽሐፍ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሼ ክምር ተናደና ከሥሩ ያሉትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የቀብር ሥርዓቱ ቀን ከቀን ቀጠለ።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ያጣበት ሐዘን ነበር፤ በኮልፌ እንደ ልማዱ የእድር ድንኳን ሃይማኖት አይጠይቅም። በእንዲህ ያለ ሌሊት ማን እቤት እንደነበረ፣ ማን ለሥራ እንደወጣ፣ የትኛው ቤት ውስጥ ስንት ሕፃን እንደተኛ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ከአርባው በኋላ ደግሞ የተቋማት እርዳታ እየሳሳ ሲሄድ፣ ሐዘንተኛው ደጅ የሚመላለሰው ማኅበርተኛው፣ ሰንበቴ ጓደኛው፣ የሴሉ ሰው ነው። እምነት በዚያ ሰዓት በመልስ አይለካም፤ «እግዚአብሔር ለምን ይህን አደረገ?» ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ይዞ የመጣ ሰው ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ኢዮብን ለማጽናናት የመጡት ወዳጆቹ እንኳ ጥሩ የሠሩት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ያሉትን ሰባት ቀን ነው፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

አሁን ሰፈሩ ሌላ ፈተና ላይ ነው። ከአሮጌው መንደር የተነሣው ቤተሰብ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ዘግቶ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመት ይሞላዋል። ብዙዎች እድራቸውን አልለቀቁም፤ በሁለትና በሦስት ታክሲ ተመላልሰው መዋጮ ይከፍላሉ። አንዳንድ የጽዋ ማኅበራት የቅዱሱን ዕለት ትተው ሁሉም በሚመቸው እሑድ መገናኘት ጀምረዋል። ይህን ሽማግሌዎቹ አይወዱትም፤ ቅሬታቸውም እውነት አለው። ማኅበሩ ከሚፈርስ ግን ቀኑ ቢዛወር ይሻላል። አብያተ ክርስቲያናት አዲስ ሕንጻ ለመሥራት የሚያወጡትን ጉልበት ሩቡን እንኳ የተበተኑ ምእመኖቻቸውን አድራሻ ለመመዝገብ ቢያውሉት ምን ያህል ሰው በተገኘ? የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ክፍሉ ውስጥ ያለውን የአርባ ልጅ ስም ሊይዝ አይችልም፤ አሥራ አምስቱን ግን ይይዛል፤ ከየትኛው ሰፈር እንደመጡና አባታቸው ሥራ እንዳለው ጭምር።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ሲወጣ አንድ ሥራ ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ሥራው ቀላል ነው። ባለፈው ዓመት አብሮት ይቀመጥ የነበረ፣ ዘንድሮ ግን ያልታየ አንድ ሰው ማስታወስ፣ ስልኩን ማፈላለግ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኮዬ ፈጬም ቢሆን ሄዶ መጠየቅ። የታክሲው ሂሳብ ከኮንፈረንስ መዋጮ አይበልጥም።